ጆ ሉዊስ፦ ኢትዮጵያን ሳያውቅ ስለ ኢትዮጵያ ቡጢ የገጠመው ወጣት

ሆሳዕና ላይ መምህር በነበርንበት ጊዜ፣ ትምህርት አልቆ ተማሪዎቻችን ግቢ ውስጥ ሲቆዩ ወሬያቸው ሁለት ነበር፦ ደቡብ አፍሪካና ስፖርት። ከሆሳዕናም ሆነ ከዱራሜ አካባቢ ከመጡት ልጆች መካከል ደቡብ አፍሪካ ወንድም ወይም አጎት የሌለው ጥቂት ነው። ስፖርቱ ብዙውን ጊዜ ኳስ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን የከባድ ሚዛን ቦክስም ይነሳል። የሙሐመድ ዓሊን ስም የማያውቅ ተማሪ አላጋጠመንም። አንድ ቀን ከዓሊ በፊት ስለነበረው ስለ ጆ ሉዊስ ጠየቅናቸው። እጁን ያወጣ አልነበረም። ይህ ሰው ከሀገራችን የመከራ ዘመን ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳ መሆኑን ስንነግራቸው ግን ወሬው ሁሉ ቆመ። ያን ቀን በቃል የነገርናቸውን ዛሬ ሰፋ አድርገን ለአንባቢዎቻችን አቅርበናል። ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጆሴፍ ሉዊስ ባሮው ግንቦት 5 ቀን 1906 በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ላፋዬት በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። ከስምንት ልጆች ሰባተኛው ነበር። አያቶቹ በባርነት የተወለዱ ናቸው። ወላጆቹ በሰው መሬት ላይ ጥጥ እያረሱ የሚኖሩ ጭሰኞች ነበሩ፤ ጭሰኛ የሚለውን ቃል ለአንባቢያችን ማብራራት አያስፈልገንም። አባቱ ገና በሕፃንነቱ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ። እናቱ ሊሊ ባሏ ሞቷል የሚል ወሬ ደረሳትና ፓት ብሩክስ የሚባል ሰው አገባች። ልጁ አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው፤ ሲናገርም ይንተባተብ ነበር።

በ1918 ቤተሰቡ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዲትሮይት ተሰደደ። ሁለት ነገር ገፋቸው። አንደኛው ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው፣ ጥቁሮችን በማስፈራራትና በመግደል የታወቀው የነጮች ቡድን ነው፤ ሌላው የፎርድ መኪና ፋብሪካ የሚከፍለው ደመወዝ ነው። ቀድሞ የሄደ ዘመድ ወሬ ይልካል፣ ባል ይቀድማል፣ ሚስትና ልጆች ይከተላሉ። ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ጆሃንስበርግ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህንን ታሪክ ከእኛ በላይ ይረዳዋል።

ዲትሮይት ሲደርስ የ12 ዓመቱ ልጅ በትምህርቱ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ተላከና የእንጨት ሥራ ተማረ። እናቱ ቫዮሊን እንዲማር በፈለገችበት ጊዜ ከጎኗ እየቆረሰች ሳንቲም ትሰጠው ነበር። እሱ ግን በዚያ ገንዘብ በጓደኛው ምክር ብሩስተር በሚባለው የመዝናኛ ማዕከል ቦክስ መማር ጀመረ። መምህር የነበረ ሰው እንዲህ ያለውን ተማሪ ያውቀዋል። ክፍል ውስጥ አይናገርም፣ ደብተሩ ባዶ ነው፣ እጁ ግን አንድ ነገር ያውቃል።

የመጀመሪያ የአማተር ግጥሚያው በ1924 ነበር። የገጠመው በኦሎምፒክ ደረጃ የሚታወቀውን ጆኒ ማይለርን ነው። በሁለት ዙር ውስጥ ሰባት ጊዜ መሬት ወደቀ። ለድካሙ የተሰጠው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን የ7 ዶላር የዕቃ መግዣ ኩፖን ነበር፤ ወስዶ ለእንጀራ አባቱ ሰጠው። እንጀራ አባቱም ይህን ነገር ትቶ ሥራ እንዲይዝ መከረው። ጆም ለተወሰነ ጊዜ ተወው፤ ፎርድ ፋብሪካ ገብቶ የመኪና አካል ሲገፋ ዋለ። ሥራው ወገብ የሚሰብር ነበርና፣ ወገቤን የማሳምም ከሆነ በቦክስ ይሁን ብሎ ተመለሰ። እናቱ የልጇን ልብ አይታ አልከለከለችውም። ከዚያ በኋላ በአማተርነት ከ50 በላይ ግጥሚያ አድርጎ የተሸነፈው 4 ብቻ ነው። ሚያዝያ 1926 የአሜሪካ የአማተር የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ።

እዚህ ላይ ሦስት ሰዎች ይገባሉ፤ ሦስቱም ጥቁሮች ናቸው። ጆን ሮክስቦሮ የዲትሮይት ሰው ነው፤ ለድሆች እጁ የተፈታ፣ ግን ሀብቱን ያገኘው ከሕገ ወጥ የቁጥር ሎተሪ ነው። ጁሊያን ብላክ የቺካጎ ነጋዴ ነው። ጃክ ብላክበርን የቀድሞ ቡጢኛና አሠልጣኝ ሲሆን በወጣትነቱ ሰው ገድሎ የታሰረ፣ መጠጥም የማይተው ሰው ነበር። አንድን ወጣት ወደ ላይ ያወጣው ገንዘብ ከቁማር የመጣ መሆኑን ደብቀን ማለፍ አልፈለግንም። ዛሬ በየከተማችን ጥግ የተከፈቱትን የውርርድ ቤቶች ስናይ ይህ ነገር ትዝ ይለናል፤ እዚያ ግን ገንዘቡ ቢያንስ ለአንድ ልጅ ምግብና ማረፊያ ሆኗል።

ብላክበርን መጀመሪያ ጥቁር የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ማሠልጠን አልፈለገም ነበር። ምክንያት ነበረው። ከ1901 እስከ 1907 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጥቁሩ ጃክ ጆንሰን ነጮችን በቃሉም በአኗኗሩም ስላስቆጣ፣ ከእሱ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል አንድም ጥቁር ለዚያ ዘውድ እንዲጫወት አልተፈቀደለትም። ስለዚህ ሮክስቦሮ ለወጣቱ ሕግ አወጣለት፦ የወደቀ ተጋጣሚ ላይ አትሳቅ፣ ከነጭ ሴት ጋር ፎቶ አትነሳ፣ ብቻህን ጭፈራ ቤት አትግባ፣ የተሸጠ ግጥሚያ አትጫወት፣ ንጹሕ ኑር፣ ንጹሕ ተጫወት። ከሕጎቹ ገሚሱ ለማንም ወጣት የሚበጅ ምክር ነው፤ ገሚሱ ግን የተጨቆነ ሰው ጨቋኙን እንዳያስቀይም የሚጠነቀቅበት ነው። ጆ ፊቱ እንደ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። በሪንግ ውስጥ ሲያሸንፍም ሲመታም መልኩ አይለወጥም፤ ጋዜጦች ይህንን ተፈጥሮው አድርገው ጻፉት።

ሰኔ 27 ቀን 1926 ቺካጎ ውስጥ የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ግጥሚያ አደረገ። ጃክ ክራከን የሚባለውን በመጀመሪያው ዙር ዘረረው፤ የተከፈለው 59 ዶላር ነበር። የአውሮፓውያኑ ዓመት እስኪያልቅ ድረስ 12 ግጥሚያ አድርጎ ሁሉንም አሸነፈ። ገንዘብ መምጣት ሲጀምር መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ፣ በችግሩ ዘመን ቤተሰቡ ከዲትሮይት ከተማ የተቀበለውን የድጎማ ገንዘብ መመለስ ነው። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

በዚሁ ወቅት ሀገራችን ላይ ደመና እየከበደ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1927 ወልወል ላይ ግጭት ተነሳ፤ ሙሶሊኒም ጦሩን በኤርትራና በሶማሊያ ማከማቸት ቀጠለ። የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች ኢትዮጵያን በየሳምንቱ ያነሷት ጀመር። ለእነሱ በቅኝ ግዛት ያልተያዘች የጥቁሮች መንግሥት ነበረች፤ የዓድዋን ድል ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። ከቺካጎ አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ለኢትዮጵያ ሊያገለግል የመጣው በ1927 ነው። ሌሎች ለመዝመት ቢመዘገቡም የሀገራቸው ሕግ ከለከላቸው።

የጆ ሉዊስ ቀጣይ ተጋጣሚ የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ፕሪሞ ካርኔራ ሆነ፤ ጣሊያናዊ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ክብደቱ 118 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር፤ ጆ 89 ኪሎ ገደማ። ካርኔራ ሻምፒዮን በነበረበት ጊዜ ሙሶሊኒ ጥቁር ሸሚዝ አልብሶ የፋሺስቶች ኃይል ምሳሌ አድርጎ ለሕዝብ አሳይቶታል። ለካርኔራም ፍትሕ እናድርግለት፤ ድሃ ገበሬ መንደር ተወልዶ በሰርከስ ጉልበቱን እያሳየ የኖረ፣ ገቢውንም በዙሪያው የነበሩ ወሮበሎች የዘረፉት ሰው ነው። ለኢትዮጵያ ጥላቻ የነበረው ሰው አልነበረም። ግጥሚያው ግን ከሁለቱም እጅ ወጥቶ ነበር። ጋዜጠኞች የኢትዮጵያና የጣሊያን ጦርነት አደረጉት።

ጆ ሉዊስ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደተናገረው፣ ከዚያ በፊት ስለ ኢትዮጵያ ምንም አያውቅም ነበር። በልምምድ ካምፑ የመጡ የጥቁር ሕዝብ ሰዎች ስለ ጃንሆይና ስለ ሙሶሊኒ ነገሩት፤ አሁን ሰውየውን ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን ለአንድ ዓላማ ማሸነፍ እንዳለበት ገባው፤ ሸክሙም ከበደው። 21 ዓመቱ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመኪና አካል ሲገፋ ለነበረ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሰኔ 18 ቀን 1927 ኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ከ60,000 በላይ ሰው ተሰበሰበ። ረብሻ ይነሳል ተብሎ ተሰግቶ ከ1,000 በላይ ፖሊስ ተሰማርቷል። አስተዋዋቂው ማይክ ይዞ ተመልካቹ ዘር ሳይለይ በጨዋነት እንዲያይ ተማጸነ። ከዚያ ደወሉ ተደወለ።

ጆ አልቸኮለም። ትልቁን ሰው እየዞረ ገላውን ደበደበ፣ ክንዱ ሲወርድ ደግሞ ፊቱን። የካርኔራ ከንፈር ገና በመጀመሪያው ዙር ደማ። በስድስተኛው ዙር ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ሦስት ጊዜም ተነሳ። ዳኛው ገብተው አስቆሙት። ጆ ፊቱን ሳይለውጥ ወደ ጥጉ ሄደ። ሃርለም ግን ሌሊቱን ሙሉ በደስታ ጎዳና ላይ አደረ።

አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንችልም። ፊትን መምታት በሐዲስ የተከለከለ ነው፤ መካ የሚገኘው የሙስሊም ዓለም ሊግ የፊቅህ ምክር ቤትም በ1980 ቦክስን በዚህና በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት ሐራም ብሎታል። ወጣቶቻችን ወደ ሪንግ እንዲወጡ ለመቀስቀስ አልጻፍንም። ያ ሌሊት ግን በታሪካችን ውስጥ ያለ ነው፤ ሩቅ ያለ ሕዝብ ስለ እኛ የጮኸበት ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ጣሊያን መረብን ተሻገረ። ቡጢ ታንክ አያቆምም። በኦጋዴን ግንባር የሶማሌው ዑመር ሰመተር ከደጃዝማች ነሲቡ ጦር ጋር ተዋጋ፤ የደጃዝማቹ አማካሪ ደግሞ የቀድሞው የኦቶማን ጄኔራል ወሂብ ፓሻ ነበሩ። ሁለቱም ሙስሊሞች ናቸው፤ ስማቸው በትምህርት ቤት መጻሕፍታችን ሲነሳ ብዙም አንሰማም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ በጠላት እጅ ገባች።

ሰባት ሳምንት ሳይቆይ፣ ሰኔ 12፣ ጆ ሉዊስ በጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር ተዘረረ። ልምምዱን ትቶ ጎልፍ ሲጫወት ከርሞ ነበር፤ ሽሜሊንግ ደግሞ ጆ በግራ እጁ ከመታ በኋላ እጁን እንደሚያወርድ በፊልም አጥንቶ መጣ። ሃርለም አለቀሰ። ከ11 ቀን በኋላ ጃንሆይ በጄኔቫ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው አቤቱታቸውን አሰሙ፤ የሰማቸው መንግሥት አልነበረም። በአንድ ወር ውስጥ የደረሱት እነዚህ ሁለት ነገሮች በሚቺጋንና በኒው ዮርክ ጥቁሮች ቤት አንድ ሐዘን ሆነው ነበር።

ጆ ግን ተነሳ። ሰኔ 15 ቀን 1929 ጄምስ ብራዶክን በስምንተኛው ዙር ዘርሮ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ሰሞን ላንሲንግ ሚቺጋን ውስጥ ማልኮም የሚባል ልጅ ነበር። በሕይወት ታሪኩ እንዳስቀመጠው፣ ከዚያ ድል በኋላ የሰፈሩ ጥቁር ልጅ ሁሉ ቀጣዩ ጆ ሉዊስ ለመሆን ተመኘ። ወንድሙ ፊልበርት ጎበዝ ቡጢኛ ሆነ፤ ማልኮም ግን ሁለት ጊዜ ሞክሮ በአንድ ነጭ ልጅ ተደበደበና ጓንቱን ሰቀለ። ይህ ልጅ በኋላ መካ ሐጅ ያደረገው፣ አል-ሐጅ ማሊክ ሻባዝ የተባለው ማልኮም ኤክስ ነው።

በቀጣዩ ዓመት በዚያው ዕለት፣ ሰኔ 15 ቀን 1930፣ ሽሜሊንግ ዳግም መጣ። ግጥሚያው 124 ሰከንድ ብቻ ፈጀ። ጆ ሉዊስ ዘውዱን ከ11 ዓመት በላይ ይዞ 25 ጊዜ ተከላከለ።

ከዚያ በኋላ ያለው አያስደስትም። በ1934 የሁለት ግጥሚያ ገቢውን ለአሜሪካ ባሕር ኃይልና ለምድር ጦር የእርዳታ ፈንዶች ሰጠ፤ ራሱም ነጭና ጥቁር ተለይቶ በሚሰለፍበት ጦር ውስጥ ወታደር ሆነ። የግብር መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን ገንዘብ እንኳ እንደ ገቢው ቆጠረበት። ዕዳው ከወለዱ ጋር ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። በ1941 ከቦክስ ተሰናብቶ የነበረው ሰው ዕዳውን ለመክፈል ተመለሰ፤ ጥቅምት 1944 ወጣቱ ሮኪ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር ከሪንጉ ገመድ አሻግሮ ጣለው። የመጨረሻው ግጥሚያ ያ ነበር። በእርጅናው ላስ ቬጋስ በሚገኝ የቁማር ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ሠራ። ከቁማር ገንዘብ የተጀመረ ጉዞ ቁማር ቤት በር ላይ ደረሰ።

ሚያዝያ 4 ቀን 1973 በ66 ዓመቱ ሞተ። በፕሬዚዳንቱ ልዩ ፈቃድ በአርሊንግተን የወታደሮች መካነ መቃብር ተቀበረ። ለቀብሩ ወጪ ገንዘብ ካዋጡት አንዱ ያኔ 75 ዓመት ያለፈው ማክስ ሽሜሊንግ ነበር።