ቤሲ ኮልማን

ቤሲ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1892 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ አትላንታ በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደች። ለወላጆቿ ከአሥራ ሦስት ልጆች አሥረኛዋ ነበረች። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሚኖረው ጥቁር ሕዝብ ከነጮች ተለይቶ ይማር፣ ተለይቶ ይሳፈር፣ ተለይቶም ይቀበር ነበር። አባቷ ይህን ኑሮ መሸከም ተስኖት እ.ኤ.አ. በ1901 ወደ ኦክላሆማ ሲሄድ፣ እናቷ ልጆቿን ይዛ ዋክሳሃቺ በተባለች ከተማ ቀረች። ቤሲ ጥጥ በሚለቀምበት ወራት ትምህርቷን አቋርጣ ከማሳ ትውል ነበር። ይሁን እንጂ ጎበዝ ተማሪ፣ በተለይም በሒሳብ ብርቱ ነበረች። ኮሌጅም ገብታ ነበር፤ ገንዘቧ ስላለቀ ግን ከአንድ የትምህርት ወቅት በላይ አልቆየችም።

ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላት ወደ ቺካጎ ሄዳ በአንድ ጸጉር አስተካካይ ቤት የጥፍር አስዋቢነት ሥራ ያዘች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ሰዎች ስለ አየር ውጊያ የሚያወሩት ሁሉ ከጆሮዋ ይደርስ ነበር። በፈረንሳይ የዘመተው ወንድሟም የፈረንሳይ ሴቶች አውሮፕላን እንደሚያበሩ፣ እርሷ ግን ከቶ እንደማይሆንላት እያነሣ ያሾፍባት ነበር። ፌዙ ከልቧ ገባ። ሆኖም በአገሯ ጥቁርን፣ ያውም ሴትን፣ ለማስተማር የፈቀደ የበረራ ትምህርት ቤት አላገኘችም። የቺካጎ ዲፌንደር ጋዜጣ ባለቤት ሮበርት አቦት ወደ ፈረንሳይ እንድትሄድ መከራት። ፈረንሳይኛ አጠናች፤ ገንዘብ አጠራቀመች፤ እ.ኤ.አ. በ1920 መገባደጃም ባሕር ተሻገረች።

በሌ ክሮትዋ ከተማ፣ በካውድሮን ወንድማማቾች ትምህርት ቤት የተማረችባቸው አውሮፕላኖች ከእንጨት፣ ከሽቦና ከሸራ የተሠሩ ነበሩ። ጁን 15 ቀን 1921 የአብራሪነት ፈቃድ ተሰጣት፤ በዚህም ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ አብራሪ ሆነች።

ወደ አገሯ ተመልሳ በየከተማው የአየር ትርኢት ታሳይ ጀመር። ጥቁሮችና ነጮች በተለያየ በር በሚገቡበት ሜዳ አልበርም ያለችበት ጊዜም አለ። ከትርኢቱ የምታገኘውን የምታጠራቅመው ለጥቁሮች የበረራ ትምህርት ቤት ለመክፈት ነበር። አዲስ አውሮፕላን ለመግዛት ግን አቅም አልነበራትም። የገዛቻቸው ከጦርነቱ የተረፉ፣ ከርቲስ ጄኒ የሚባሉ አሮጌ አውሮፕላኖች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1923 በካሊፎርኒያ አንደኛው ገና እንደ ተነሣ ሞተሩ ጠፍቶ ወደቀ፤ የቤሲ እግርና የጎድን አጥንቶች ተሰበሩ። ድና እንደ ገና በረረች።

አፕሪል 30 ቀን 1926 ቤሲ በፍሎሪዳ፣ በጃክሰንቪል ከተማ ነበረች። ሌላው ጄኒ ከዳላስ የደረሰው በቅርቡ ነው። ወጣቱ መካኒኳ ሲያመጣው ሞተሩ እየከዳው በመንገድ ላይ ሳይፈልግ ለማረፍ ተገድዶ ነበር። ቤሲ በማግስቱ በሚደረገው ትርኢት በፓራሹት ልትዘል ስላሰበች፣ የምታርፍበትን ሜዳ ከላይ ለመምረጥ መሪውን ለመካኒኩ ትታ ተሳፈረች። ቁመቷ አጭር ስለ ነበር ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ካላሰገገች ሜዳው አይታያትም፤ ስለዚህም ቀበቶዋን አልታጠቀችም። ጥቂት ደቂቃዎች እንደ በረሩ አውሮፕላኑ በድንገት አፍንጫውን ደፍቶ ቁልቁል ተወረወረ፤ ተገለበጠም። ቤሲ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ ከብዙ መቶ ሜትር ከፍታ ወደቀች። መካኒኩም አውሮፕላኑን ሊያቃና ስላልቻለ አብሮ ተከስክሶ ሞተ።

ስብርባሪው ሲመረመር አንድ የሞተር መጠገኛ መፍቻ በመሪው ጥርሳም ብረቶች መካከል ተቀርቅሮ ተገኘ። አደጋውን በተረሳ መፍቻ ብቻ ማሳበብ ይቀላል፤ ነገር ግን የተሻለ የመግዛት አቅም ቢኖራት ኖሮ በዚያ ባረጀ አውሮፕላን ባልተሳፈረች ነበር።

በሞተች ጊዜ ዕድሜዋ 34 ነበር። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በቺካጎ ቀበራት። ያሰበችውን ትምህርት ቤት ሳትከፍት ቀረች። ሆኖም ዊሊያም ፓወል የተባለ ጥቁር አብራሪ እ.ኤ.አ. በ1929 በሎስ አንጀለስ በስሟ የሚጠራ የበረራ ክበብ አቋቋመ። ከ1931 ጀምሮም የቺካጎ ጥቁር አብራሪዎች በየዓመቱ በሊንከን መካነ መቃብር ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ ከመቃብሯ ላይ አበባ ይጥሉላት ነበር።