ጆን ዳፊ፦ በሳምንት አንድ ምሽት

ጆን ዳፊ እ.ኤ.አ. በ1934 ዋሽንግተን ዲሲ ተወለደ። አባቱ የኦፔራ ዘፋኝ ነበሩ፤ የልጁ ልብ ግን ያዘነበለው ወደ ብሉግራስ፣ ባንጆና ማንዶሊን ወደሚደምቁበት የገጠር ሙዚቃ ነው። በ1957 ከጓደኞቹ ጋር ካንትሪ ጀንትልመን የተባለውን ቡድን መሠረተ። በማንዶሊኑና በዚያ ከፍ ባለ ድምፁ ስም አገኘ፤ የዙረቱ ኑሮ ግን ሰለቸውና በ1969 ለቀቀ። አርሊንግተን ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ እየጠገነ መኖር ጀመረ።

በዚያው ቢቀር ማን ይፈርድበታል? ሙዚቃው ግን አልለቀቀውም። በ1971 ሴልደም ሲን ተመሠረተ። አብረውት ከነበሩት አራቱ አንዱ ቀዶ ሐኪም፣ አንዱ የሒሳብ ባለሙያ፣ አንዱ ካርታ ሠሪ፣ አንዱ የግራፊክ ሠዓሊ ነበሩ። ውላቸው ቀላል ነበር፤ በሳምንት አንድ ምሽት ለሙዚቃ፣ የቀረው ለእንጀራና ለቤተሰብ። የቡድኑ ስም ራሱ እምብዛም አይታዩም እንደማለት ነው። ለዓመታት ሐሙስ ሐሙስ አሌክሳንድሪያ በሚገኘው በርችሚር ይጫወቱ ነበር።

ውሉ ዋጋም አስከፍሏል። ሐኪሙ በ1977 ሙያውን መርጦ ሄደ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ሦስት አባላት ሙሉ ጊዜያቸውን ለሙዚቃ መስጠት ፈልገው ወጡ። ዳፊ ግን በልኩ መኖርን መረጠ፤ አዲስ ሰው ጨምሮ ቀጠለ።

ታኅሣሥ 1996 በ62 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ። ከእኛም መካከል ክራሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሥራና ልጆች ላይ የተጠመደ ስንት አለ! ለእሱ አንድ ሐሙስ ይበቃው ይሆናል።