የዶክተር አክሊሉ ለማ የሕይወት ታሪክ

ባሮ፣ አልዌሮና ጊሎ በሚፈሱበት አገር ወንዝ ገብቶ የማይዋኝ ልጅ የት ይገኛል? ስለዚህ በዛሬው ዕትማችን የውሃ ወለዱን በሽታ የቢልሃርዝያን ታጋይ፣ የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ልናካፍላችሁ ወደናል።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 ጅጅጋ ተወለዱ። አሜሪካን አገር ተምረው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

የበሽታው ነገር እንዲህ ነው። የታመመ ሰው ከሰገራው ወይም ከሽንቱ ጋር የትሉን ዕንቁላል ያወጣል። ዕንቁላሉ ውሃ ሲገባ ይፈለፈልና ደቃቅ እጭ ትወጣለች። እጯ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ቀንድ አውጣ ካላገኘች ትሞታለች። ታዲያ ዓይን ሳይኖራት እንዴት ታገኘዋለች? ቀንድ አውጣው ወደ ውሃው የሚለቀው ኬሚካል ይመራታል። ኬሚካሉ ሲበረታ እዚያው ትሽከረከራለች፤ ሲሳሳባት ዞራ ትመለሳለች። ባክቴሪያም ምግቡን ሲፈልግ እንዲሁ ነው፤ ኬሚካሉ እየበዛ ከሄደ ወደፊት ይዋኛል፣ ካነሰ ተገለባብጦ አቅጣጫ ይቀይራል። እጯ ቀንድ አውጣው ውስጥ ከተራባች በኋላ ሌሎች እጮች በብዛት ይወጡና የሰውን ቆዳ ሰርስረው ይገባሉ። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ተበጠሰ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ዓድዋ ወንዝ ዳር ሳሉ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። አይተው ዝም አላሉም። የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ባሉት ላይ ሞከሩት፤ እነሱም ሞቱ። በ1966 አዲስ አበባ ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ዓድዋ ላይ አምስት ዓመት በፈጀው ሙከራ፣ በበሽታው የተያዙ ትንንሽ ሕፃናት ቁጥር ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ይሁን እንጂ ከአፍሪካ ላቦራቶሪ የወጣውን ውጤት ብዙ የውጭ ባለሙያዎች ለረጅም ዓመታት አላመኑበትም ነበር። እሳቸው ግን ተስፋ አልቆረጡም። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አገኙ። በ1997 ዐረፉ።

አደራ! እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል እንዲሁ ወንዝ ውስጥ አይጨመርም። የእኛ የመምህራን ድርሻ ልጆች በሽንት ቤት እንዲጠቀሙ ማስተማር ነው፤ ዕንቁላሉ ውሃ ካልገባ እጯም አትፈለፈልም። ደግሞም ነገ አቦቦ ወይም ኢታንግ ስንመደብ፣ ልብስ የሚያጥቡ እናቶች የሚያውቁትን አንናቅ። ዶክተር አክሊሉ መድኃኒቱን ያገኙት ከእነሱ ዘንድ ነውና።