የዶሮን ዘር ምንጭ የመረመረው ዳርዊን

እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን በትምህርት ቤት ስሙ የታወቀ ሰው ቢሆንም፣ ስለ ዶሮ ያደረገው ምርምር ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች የሚሰጠው ጥቅም እምብዛም አይነገርለትም።

ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1809 ሽሩስበሪ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ስለነበሩ ልጃቸውም በሙያቸው እንዲተካ ቢያስተምሩትም፣ የቀዶ ጥገናን ሥቃይ ማየት ስላልቻለ ትምህርቱን አቋረጠ። ከ1831 እስከ 1836 ቢግል በተባለች መርከብ ዓለምን ዞሮ ከተመለሰ በኋላ፣ ሕመም ስለጸናበት ቀሪ ዘመኑን ዳውን በተባለ የገጠር መንደር አሳለፈ። በዚያም ሆኖ፣ የዶሮ አዋቂ ከነበረው ከቴጌትማየር ጋር እየተመካከረ ከልዩ ልዩ አገሮች የዶሮ ቆዳና አጥንት በማስመጣት አነጻጸረ።

ዳርዊን ዝርያዎችን የለየው በላባ ቀለም ብቻ አልነበረም። በአናት ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ፣ የራስ ቅሉን፣ የእግሩን፣ የጠባዩንም ልዩነት መዝግቧል። ጥቁር አውራ ከነጭ እናት ዶሮዎች ጋር ሲያዳቅል፣ ከልጆቹ አንዱ የዱሯን ቀይ ዶሮ መስሎ ወጣ። ከዚህና ከሌላውም ማስረጃ በመነሣት፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ባሳተመው መጽሐፉ የለማዳ ዶሮዎች ምንጭ የእስያዋ ቀይ የዱር ዶሮ መሆኗን አስረዳ። የዘመናችን የዘር ምርመራ ዋናዋ ምንጭ እርሷ መሆኗን ሲያረጋግጥ፣ የቆዳ ቢጫነት ግን ከግራጫዋ የዱር ዶሮ የመጣ ሳይሆን እንደማይቀር እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት አመልክቷል።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ስለ ማቀፍ የጻፈው ነው። እንቁላል ማቀፍ የተዉ ሁለት ዝርያዎች ሲዳቀሉ ልጆቻቸው ተመልሰው ታቃፊ የሚሆኑበት ጊዜ እንዳለ አስተውሏል። ስለዚህ የማቀፍ ጠባይ እንደ ቀለም ሁሉ በዘር የሚወረስ ነው ማለት ነው።

ወደ አገራችን ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገባችው ነጭ ሌግሆርን ብዙ እንቁላል ትጥላለች፤ ነገር ግን አታቅፍም ለማለት ይቻላል። የአገር ቤቷ ገብስማ ወይም ቀይ ዶሮ የምትጥለው ጥቂት ቢሆንም፣ 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿንም ከጭልፊት ትከላከላለች። በኮልፌ ቀራኒዮም ሆነ በሌላ የከተማ ዳር፣ አንድ ቤተሰብ የአገር ዶሮዎቹን ሁሉ ሸጦ በሌግሆርን ቢተካ፣ ጫጩት በፈለገ ቁጥር ገዢ ሆኖ ይቀራል።

በመሆኑም የማኅበር መሪዎች፣ በየቤቱ ታቃፊነታቸው የተመሰከረ የአገር ዶሮዎች እንዲቀሩ ሊያሳስቡ ይገባል። ከአንድ ሳምንት ያልበለጠ፣ ያልተሰነጠቀ፣ አውራ ካለበት መንጋ የተሰበሰበ የሌግሆርን እንቁላል ከ10 እስከ 12 ያህል በአገር ቤቷ ዶሮ ማሳቀፍ ይቻላል። በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በብርሃን አይቶ፣ የደም ሥር የማይታይበትን ማውጣት ነው።

ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1882 አርፎ በለንደን በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።