ኖታ ሳያነብ የኖረው የፒያኖ ሊቅ

ኖታ ሳያነቡ ፒያኖ መጫወት ይቻል እንደ ሆነ ለሚጠይቁ ጓደኞቻችን የኤሮል ጋርነርን ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብላቸው ወደድን። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጋርነር በ1921 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በፒትስበርግ ከተማ ተወለደ። ገና በ3 ዓመቱ ፒያኖ መጫወት ጀመረ፤ በ7 ዓመቱም በራዲዮ ተሰማ። ኖታ ማንበብን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተማረም። በዚህም ምክንያት የከተማው ሙዚቀኞች ማኅበር አልቀበልም ብሎት ኖሮ፣ ስሙ ከገነነ በኋላ በ1956 የክብር አባል አደረገው። ዘግይቷል እንላለን!

ይሁን እንጂ በጆሮው ተጫወተ ማለት የሙዚቃን ሥርዓት አያውቅም ማለት አይደለም። ግራ እጁ እንደ ጊታር በየምቱ ኮርዶቹን ሳያዛንፍ ሲመታ፣ ቀኝ እጁ ዜማውን ጥቂት እያዘገየ ያስከትል ነበር። የሞከርነው ሁሉ እንደምናውቀው፣ ቀኙ ሲዘገይ ግራውም አብሮ መዘግየት ይወዳል።

«ሚስቲ» የተባለውን ዝነኛ ዜማ በ1954 ደረሰ። ሐሳቡ የመጣለት በአውሮፕላን ሲጓዝ ነው ይባላል፤ መጻፍ ስለማይችል ፒያኖ እስኪያገኝ በአእምሮው ይዞት ቆየ። በ1955 በካሊፎርኒያ፣ በካርሜል ያቀረበው ኮንሰርት በሸክላ ወጥቶ እጅግ ብዙ ተሸጠ። ቁመቱ አጭር ስለ ነበረ የስልክ ማውጫ መጻሕፍት ደራርቦ በላያቸው ተቀምጦ ይጫወት ነበር። በ1977 ዓ.ም. በ55 ዓመቱ በሎስ አንጀለስ ዐረፈ።