መርቆሬዎስ የተባለው ቬኒሳዊ

ለዘንድሮው የመገናኛ መጽሔታችን የአንድ ሠዓሊ ታሪክ መርጫለሁ። ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ፎቅ ላይ ያሉትን ጥንታዊ ሥዕሎች በተማሪነታችን ሳናያቸው ያለፍን ብዙ ነን፤ እኔም አንዷ ነኝ።

ኒኮሎ ብራንካሊዮን የቬኒስ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1480ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገራችን ገባ፤ እዚህ መርቆሬዎስ ተባለ። የዐፄ እስክንድርን፣ የዐፄ ናዖድንና የዐፄ ልብነ ድንግልን ዘመን አየ። በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ ሲያገኘው ርስትና ሎሌ ያለው ትልቅ ሰው ሆኗል።

ስሙ ከአትሮንሰ ማርያም ጋር ይነሣል። ቤተ ክርስቲያኗን ዐፄ በእደ ማርያም (1468–1478) ያሠሯት ዛሬ መካነ ሰላም ባለችበት በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ነው። እመቤታችን ሕፃኑን በግራ ክንዷ ታቅፋ ስሏት ሕዝቡ ተቆጣ ይባላል፤ ግራ እጅ እኮ በእኛ ዘንድ የክብር እጅ አይደለም። ንጉሡ ግን ሥዕሉ እንዳይነካ ከለከሉ ተብሎ ይተረካል። ታሪኩን ያሰራጨው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ሲሆን፣ የሠዓሊው መምጫ ሲሰላ ግን በእደ ማርያም ካረፉ በኋላ ይመስላል።

በ1531 የኢማም አህመድ ጦር አትሮንሰ ማርያምን አቃጠላት። የሠዓሊው ስምም ለረጅም ጊዜ በመንገደኞች መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ቀረ።

ያነሣው ፊርማው ነው። ከመካነ ሰላም ዓባይን ሲሻገሩ ጎጃም ነው፤ በ1970ዎቹ ዳያና ስፔንሰር የተባለች ተመራማሪ እዚያ ገዳማትን ስትዞር በገዛ እጁ ስሙን የጻፈባቸውን ሥዕሎች አገኘች። የዩኒቨርሲቲያችን የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ የነበሩት ስታኒስላቭ ኾይናትስኪም ሥራዎቹን ከሌሎች ለይተው አጠኑ። አንዱ የታወቀ ፊርማ ብዙ ያልተፈረሙ ሥዕሎችን ባለቤት አሳወቀ።

ያ የግራ ክንድስ? ከመቶ ዓመት በኋላ ከሮም የመጣው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ ሲስፋፋ፣ ሕፃኑ በግራዋ የታቀፈባት ምስል የየቤተ ክርስቲያናችን ተወዳጅ ሥዕል ሆነች። ዛሬ ማንም አይቆጣም።

ካርድ ላይ ሳይፈርም የሚሄድ ሐኪም ስገሥጽ መርቆሬዎስ ትዝ ይለኛል። ደግሞም ይህ ሁሉ በእኛው ግቢ ነበረ። ዘንድሮ ስንገናኝ ልጆቻችንን ይዘን ፎቁን እንውጣ፤ እኔ ከደረጃው ሥር እጠብቃችኋለሁ።