ጆርጅ ፓፓኒኮላው እና የጥቂት ሴሎች ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በ1883 ኪሚ በተባለች የግሪክ የባሕር ዳር ከተማ የተወለዱት ዶክተር ጆርጅ ፓፓኒኮላው፣ በአቴንስ ሕክምና፣ በሙኒክም ሥነ እንስሳት አጥንተው በ1913 ከባለቤታቸው ጋር ኒው ዮርክ ሲገቡ የረባ ገንዘብ አልነበራቸውም። እርሳቸው ምንጣፍ በመሸጥ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አንድሮማኪ ቁልፍ በመስፋት ኑሮን ጀመሩ። ብዙም ሳይቆዩ በኮርኔል የሕክምና ትምህርት ቤት ሥራ አገኙ።

በዚያም የጊኒ ፒግን የመራቢያ ዑደት እንስሳዋን ሳይገድሉ ለመከታተል ከመራቢያ አካሏ የረገፉትን ሴሎች በመስታወት ላይ ቀብተው ይመረምሩ ነበር። ዘዴውን ወደ ሴቶች ሲያሻግሩት የካንሰር ሴል አዩበት። ለዓመታት ናሙና የሰጧቸው ባለቤታቸው መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። በ1928 ግኝታቸውን ቢያቀርቡም ሰሚ አጡ፤ ሥጋ ቆርጦ መመርመር እያለ የረገፈ ሴል ምን ይፈይዳል ተባለ። ሐኪሞች ጉዳዩን ከልብ መቀበል የጀመሩት ከ13 ዓመት በኋላ፣ ከኸርበርት ትራውት ጋር በ1941 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። የአቀላለም ዘዴያቸውንም በ1942 አሳተሙ። በ1962 በማያሚ አረፉ።

ከዕጢ በመርፌ ናሙና መቅዳት የእርሳቸው ፈጠራ አይደለም፤ በዚያው በኒው ዮርክ ሄይስ ማርቲንና ኤድዋርድ ኤሊስ በ1930 ጽፈውበታል። ይሁን እንጂ ደረቱን ለማስከፈት አቅም ከሌለው የሳንባ ካንሰር በሽተኛ በቀጭን መርፌ የተቀዱ ሴሎች ዛሬም በፓፓኒኮላው ቀለም ይታያሉ። ከታዩም በኋላ ከዚያው መስታወት ተፍቀው ዲ.ኤን.ኤ. ይወጣቸዋል፤ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. በተባለው ጂን ላይ ተገቢው ለውጥ ከተገኘ፣ በሽተኛው ለዚያ ለውጥ የተሠራውን ክኒን መውሰድ ይችላል።